ደስታ በተራ፤ በጎጃም ደጋ አዋቂ ሰው ሕይወቱን የሚያደራጅበት መንገድ

ደስታና ሚዛን ያለው፣ ትርጉም የሞላበት የአዋቂ ሕይወት በጎጃም ደጋ ለአንድ ሰው ብቻ የተተወ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት ጎዛምን፣ ማቻከል፣ አነደድ፣ ስናንና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕረፍት ቀን ተቆርጦለታል፤ ድግስ ተራ አለው፤ ሐዘን ደረጃ በደረጃ የሚያወጡት ሥርዓት አለው፤ ከባድ ሥራም አጋዥ ይጠራበታል። አንድ ሰው ደስ ባለው ጊዜ ብቻ ከሰው ጋር አይውልም። ቢደሰትም ቢከፋውም በዕለቱ ይጠበቃል፤ ሲቀርም «ምን ሆኖ ነው?» የሚል ይመጣል። የአካባቢው የኑሮ ጥበብ ዋና መሠረት ይህ መጠበቅ ነው። አዋቂ ሰው ደስታን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ከሚፈልግና ቦታውን ከሚጠብቅለት ማኅበረሰብ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃም ንጉሥ ሆነው ለነገሡት ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ሆነች፤ የአሁን ስሟንም ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወሰደች። በስተሰሜኗ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከተራራው የሚነሡ ወንዞች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በከፍታው ላይ ገብስና ድንች፣ ዝቅ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ወደ ቆላው ሲቃረብ ደግሞ በቆሎና ማሽላ ይበቅላል። የዚህ አገር ሰው ኑሮው በዝናብና በበሬ ላይ የቆመ ነው። ሥራው በአንድ ወቅት ይደራረባል፣ በሌላው ይላላል። ብቻውን ሊወጣው የማይችል ሥራ ስለሆነ፣ ሥራውንም ዕረፍቱንም ከሌሎች ጋር ማደራጀት ግድ ሆኖበታል።

ሥራና ዕረፍት በቀን መቁጠሪያ

ለጤፍ የሚሆን ማሳ በጥማድ በሬ ደጋግሞ መታረስ አለበት። በሐምሌ ይዘራል፤ ነሐሴና መስከረም የአረም ጊዜ ናቸው፤ ከኅዳር ጀምሮ አጨዳው፣ ከዚያም ውቂያው ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ሥራ ዓመቱን ሙሉ የሚያቋርጠው የበዓላት ሰልፍ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ናቸው። በዚያ ላይ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይከበራሉ፤ እንደየአጥቢያውም ሌሎች ይጨመራሉ። በእነዚህ ቀናት ሞፈርና ቀንበር አይነሣም። ሴቶችም አይፈትሉም፣ አይፈጩም። ገበያ መሄድ፣ ከብት ማየት፣ የታመመ መጠየቅ፣ የተጣላ ማስታረቅ ግን አይከለከልም። በመሆኑም በዓሉ እጅን ከእርሻ ያሳርፋል፣ እግርን ደግሞ ወደ ሰው ይመራል።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ዕረፍትን ከግለሰብ ውሳኔ ማውጣቱ ነው። ታታሪ ሰው በራሱ ፈቃድ ብቻ ቢተው ማረፍን ሁልጊዜ ለነገ ያስተላልፋል፤ ሥራ ደግሞ አያልቅም። ቀኑ ለሁሉም አንድ ሲሆን ግን ጎረቤት ሲሠራ ማረፍ የሚያመጣው ጭንቀት ይቀራል፤ የሚጠየቀውም ሰው እቤቱ ይገኛል።

ጾሙም እንዲሁ የዓመቱን ምት ይሰጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም፣ በነሐሴ መባቻ የሚገባው ፍልሰታና ሌሎቹ ሲደመሩ፣ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና አጥብቀው የሚጾሙት ደግሞ እስከ 250 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ፍልሰታ የሚገባው ጎተራው በሚሳሳበት በክረምቱ እኩሌታ ነው። ያኔ ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት ሽሮና ጎመን ይበላል። ባለጸጋው በፈቃዱ ራሱን ይገታል፤ ድኻውም በማዕዱ አያፍርም። ፋሲካ ሲደርስ የሚሰማው ደስታም ከጾሙ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁልጊዜ የሚበላ ቅቤ የፋሲካን ዶሮ ያህል አይጣፍጥም።

የሠርግ ወቅትም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ፣ የጎጃም መንደሮች በከበሮ ይደምቃሉ። በዚሁ ጊዜ የጥምቀት ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ፤ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ዓመታዊ በዓላቸውን በጥር ያከብራሉ። ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ይነቅላሉ። ዕድሜም ወቅትም የየራሱ ጨዋታ አለው፤ አዋቂውም የልጆቹን ጨዋታ እያየ የራሱን ዘመን ያስባል።

ተራው የደረሰ ቤት

በወር አንድ ቀን፣ በማኅበሩ መጠሪያ በሆነው ቅዱስ ዕለት፣ የአንዱ አባል ቤት ከሌሊት ጀምሮ ይነቃል። ጠላው አስቀድሞ ተጠንስሷል፤ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ተጋግሯል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። አባላቱ ከቅዳሴ በኋላ አንድ በአንድ ይገባሉ። የማኅበሩ አባት የሆነው ቄስ ጸልዮ ዳቦውን ይባርካል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ የቀረውን ይቆጥራል፤ ለምን እንደቀረ ይጠይቃል። ታምሞ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰው ለጥየቃ ይመደባል፤ ያለ ምክንያት ከሆነ ይቀጣል። የተቀያየሙ አባላት ካሉ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ጉዳያቸው ይነሣል፤ ታርቀው ይሳሳማሉ። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለተረኛው ይሰጣል፤ ተረኛውም በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ማኅበር የሚባለው ይህ ነው። በሐዋርያት ቁጥር 12 ሆነው የሚጀምሩ አሉ፤ ከዚያ የሚበልጡም ብዙ ናቸው። ሰንበቴ ደግሞ በተመሳሳይ ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በሰንበት የሚካሄድ ነው፤ ከሚቀርበው እህልና ጠላ ለነዳያንና ለመንገደኛ ይደርሳል። በሁለቱም ውስጥ ሀብታምና ድኻ፣ ሽማግሌና ጎልማሳ በእኩል ተራ ይደግሳሉ፤ በእኩልም ይጋበዛሉ።

የማኅበር ብርታቱ ከደንቡ ነው። ቀኑ አይለዋወጥም፤ አባላቱ በየወሩ አዲስ አይደሉም፤ ሁሉም ባለዕዳም ባለመብትም ነው። ወዳጅነት በዚህ ሥርዓት ውስጥ በስሜት ሙቀት ላይ ብቻ አይመሠረትም። ሰው በሥራ ሲጠመድ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ሲያገባና ሲያረጅ የሚሳሳው ወዳጅነት በቀን ቀጠሮና በተራ ይታሰራል። ብዙ አዋቂ ሰው ወዳጅ የሚያጣው በጠብ ሳይሆን በመራራቅ ስለሆነ፣ ተራው የሚከላከለው ዋናውን አደጋ ነው።

የሴቶች የቡና ሸንጎም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ቡናን ትነቅፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በደብረ ማርቆስ ሰፈሮች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነው። ጎረቤታሞች ተጠራርተው ይቀመጣሉ፤ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የማን ባል እንዳስቸገረ እዚያ ይሰማል። ሙስሊም ጎረቤትም በዚሁ ረከቦት ዙሪያ ይገኛል። የጁምዓ ስግደት፣ የረመዳን ጾምና ዘካ ለሙስሊሙ ተመሳሳይ የዕረፍት፣ የመታቀብና የመካፈል ሥርዓት ያበጃሉ፤ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ወገን በአንድ ድንኳን ይቀመጣል።

የዘመናችን ጥናት ይህን ጥበብ በሌላ መንገድ ደርሶበታል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረው የአዋቂዎች ሕይወት ጥናት 268 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች፣ ከእነሱም ጋር 456 የቦስተን ድኻ ሰፈር ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል። ጥናቱን በቅርቡ ሲመሩ የቆዩት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሮበርት ዋልዲንገር ዋናውን ውጤት ሲገልጹ፣ ሰውን በእርጅናው ጤናማና ደስተኛ የሚያደርገው ከሰዎች ጋር ያለው ግንኙነት ጥራት ነው ይላሉ። ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ2010 የ148 ጥናቶችን፣ በድምሩ ከ308,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አጠናቅረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

ሥራን ጨዋታ የሚያደርግ ወንፈልና ደቦ

ወንፈል በጥቂት ሰዎች መካከል የሚደረግ የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው እርሻ ይታረማል። ደቦ ሰፋ ያለ ነው። ባለማሳው ሰው ይጠራል፤ እህልና ጠላ ያዘጋጃል፤ ጎረቤቱ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። አጫጆቹ በረድፍ ተሰልፈው ይገባሉ። አንዱ ያንጎራጉራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ፉከራና ቀረርቶ ሲነሣ የደከመው ክንድ ይበረታል። ወደ ኋላ የቀረ ይታገዛል፣ ይቀለድበታልም። ምሳ ማሳው ዳር ይቀርባል። አንድ ቤተሰብ ሳምንት የሚፈጅበት አጨዳ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ ዝናብ ወይም በረዶ ሳይቀድመው እህሉ ይሰበሰባል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሥራና ደስታ በተለያየ ሰዓት የተቀመጡ አይደሉም። ድካሙ አለ፤ ዘፈኑም አለ። ውጤቱ ከዓይን ፊት ነው፤ ጠዋት የቆመው ስንዴ ማታ ነዶ ሆኗል። ጎበዝ አጫጅ በስሙ ይወደሳል። ባልቴትና በሽተኛ ማሳቸው ሲታጨድላቸው ብድሩን በጉልበት የመመለስ ግዴታ የለባቸውም፤ ምርቃታቸው ይበቃል። ሰው በሥራው የሚረካው ችሎታው ሲታይ፣ ጥቅሙ ሲታወቅና ጓደኛ ሲኖረው ከሆነ፣ ደቦ ሦስቱን በአንድ ማሳ ላይ ያገናኛል።

ለራሱ የሚማር አእምሮ

ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅ ከየአውራጃው ተማሪ ሲስቡ የኖሩ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። የቅኔ ተማሪ በጎጆ ያድራል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ቀኑን ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረዘሙት ዓይነቶች ያድጋል። መምህሩ ያርማል፣ ያፈርሳል፣ ያደንቃል። ተማሪው የሚያቀርበው ቅኔ ከዚህ በፊት ያልተባለ መሆን አለበት።

ይህ ትምህርት ከክህነት አገልግሎት አልፎ ለአካባቢው ኑሮ የሰጠው ነገር አለ። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በሸንጎ ላይ ድርብ ፍች ያለው ንግግር የሚያደምጥና የሚመዝን ጆሮ አሳድጓል። ጎልማሳው ገበሬ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ጥሩ ንግግር ሲሰማ ይደሰታል፤ የሚያምር ነገር ከተናገረም ለዓመታት ይጠቀስለታል። ለአዋቂ ሰው ከእንጀራው ውጭ የሚያሳድገው፣ ሊጨርሰው የማይችል ዕውቀት መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ገጠር በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገዋል። ከዚያ በኋላ ጣሊያንን ተዋግተው ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታሰሩ፤ ተመልሰው በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ነው፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የልምዣት» የመጡት ደግሞ ሰባውን ከተሻገሩ ወዲህ ነው። በልጅነት የተተከለ ዕውቀት በእርጅናም ሊያፈራ እንደሚችል ሕይወታቸው ይመሰክራል።

ሐዘን ቦታ ያለው ኑሮ

ደስተኛ ሕይወት ሐዘን የሌለበት ሕይወት አይደለም፤ ሐዘን ሲመጣ ሰውን ብቻውን የማይተው ሕይወት ነው። በጎጃም ገጠር ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ያነሣል። አራት አራት እየሆኑ እየተፈራረቁ፣ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ወይም እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ዳገትና ቁልቁለቱን ይሸከሙታል። ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፤ ወንበርና ድስት ይወጣል፤ መቃብር ይቆፈራል። ሐዘንተኛው ምግብ አያበስልም፤ እንጀራና ወጡ ከየቤቱ ይመጣለታል። ጎረቤት አብሮት ያድራል። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተከተሉ ይመጣሉ።

የእነዚህ ቀናት ርቀት በጥበብ የተለካ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ሰው ይበዛል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሐዘኑ ሊረሳ በተቃረበበት ጊዜ ግን እንደገና ይሰበሰባል። በአርባኛው ቀን ለቤተሰቡ ሌላ ሰው ያስታውስለታል። ባል የሞተባት ሴት፣ ልጅ ያጣ አባት ወደ ኑሮው የሚመለስበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ይሠራለታል። የነፍስ አባትም በዚህ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሰው ለማንም የማይነግረውን የሚነግራቸው፣ ቤተሰቡን በዓመታት ውስጥ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ሥርዓቱ ግን ሁሉን አይፈውስም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካልወረደ፣ ሕይወት ከተጠላ፣ ነገሩ ከሐዘን አልፎ ሕመም ሊሆን ይችላል። ያኔ የጎረቤት ጥየቃና ጸበል ከሐኪም ሕክምና ጋር ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፤ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም።

ለሌላ ሰው መትረፍ

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፍሎ ነበር። የጎልማሳነት ዋና ፈተና፣ በእሱ አመለካከት፣ ለሚቀጥለው ትውልድ መትረፍ ወይም በራስ ላይ ተዘግቶ መድረቅ ነው። በጎጃም ደጋ ይህ መትረፍ ብዙ በር አለው። ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ ሁለተኛ አባት፣ ለወላጆቹም አበልጅ ይሆናል፤ አበልጅነት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ዝምድና ነው። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት በዚህ መንገድ የብዙ ቤት ባለድርሻ ይሆናሉ። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ገበሬ አንድ ቀን መምህር የሚሆነውን ልጅ ያሳድጋል። ዕድሜ የጠገበ ሰው በሽምግልና ይቀመጣል፤ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታርቃል፤ እርጅና ከሥራ ሲያወጣው ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችም በዚሁ መንፈስ የቆዩ ናቸው። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲታረስና ሲራቆት፣ በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ጽድ፣ ወይራና ዋንዛ ለብዙ ትውልድ ተጠብቀዋል። የተከለውና የጠበቀው ሰው ጥላውን ራሱ ብዙ አልተጠቀመበትም። ከቅዳሴ በኋላ ከጥላው ሥር ቀስ ብሎ የሚቀመጥ ጎልማሳ ግን ጸጥታ የሚያገኝበት ቦታ አለው፤ ለአእምሮ ዕረፍት ከማኅበር ድምፅ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይህ ጸጥታ ነው።

የሥርዓቱ ዋጋ

ይህን ሁሉ የሚያደንቅ ሰው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይኖርበታል። ጠላ ለመጥመቅ ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይበቅላል፣ ድፍድፍ ይደፈደፋል፤ ቀናት ይፈጃል። ዳቦ ለመጋገር እንጨት ይለቀማል፣ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል። አብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ማኅበርተኛው ሲያርፍ የቤቱ እመቤት ቆማ ታስተናግዳለች፤ የበዓል ቀን ለእሷ የሥራ ቀን ይሆናል። የግማሹን ቤት ሰው የሚያደክም ሚዛን ገና ሚዛን አልሆነም።

በዚህ ረገድ በዚሁ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ያለው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሌላ ምርጫ አሳይቷል። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ። አውራ አምባ በበዓልና በሃይማኖት ሥርዓት ጉዳይ ከአካባቢው በጣም ይለያል፤ መንገዱ ለሁሉም አይሆንም። ይሁንና የአማራ ገበሬ ቤት የሥራ ክፍፍል ሊለወጥ እንደሚችል ለማሳየት ይበቃል።

ወጪም ሌላው ሸክም ነው። ለተዝካር በሬ ሸጦ የደገሰ ቤተሰብ በሚቀጥለው ክረምት ጥማድ ይጎድለዋል። ጠላና አረቄ ከመጠን ሲያልፉ የማኅበሩ ፍቅር ወደ ጠብ ይለወጣል። ተራውን መደገስ ያልቻለ ድኻ በኀፍረት ከማኅበር ይወጣል፤ እጅግ የሚያስፈልገው ሰው ያኔ ብቻውን ይቀራል። በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው ለወረደው በረዶ ተጠያቂ ተደርጎ ሊወገዝ ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው የፈጠሩት ጉዱ ካሳ የጮኸው ይህን በመሰለ ነገር ላይ ነው፤ ሰውን ለማኖር የተሠራ ልማድ በዘርና በማዕረግ ሲታሰር ሰውን እንደሚያጠፋ ያያል፣ ስለተናገረም እንደ እብድ ይቆጠራል። ትርጉም ያለው ኑሮ ልማድን ማክበርም፣ ሲበላሽ ማረምም ይጠይቃል።

ከተማ፣ መሬትና ጦርነት

አዋቂ መሆን በጎጃም ለረጅም ጊዜ ከመሬት ጋር የተሳሰረ ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ባወጣው ጥናት፣ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት የመጠየቅ መብት እንደነበረው፣ ጎልማሳነቱም በዚህ ጥያቄና ሙግት ውስጥ እንደሚፈተን አሳይቷል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሱት ወጣቶች ደግሞ ብዙዎቹ የራሳቸው ማሳ የላቸውም። ወላጆቻቸው በሃያ ዓመታቸው በሬ ጠምደው፣ ጎጆ ወጥተው፣ የማኅበር ተራ ይዘው ነበር። ልጆቻቸው በሠላሳ ዓመታቸውም «ገና አልቆምኩም» ሊሉ ይችላሉ።

ብዙዎቹ ወደ ከተማ ገቡ። ደብረ ማርቆስ በ1999ኙ ቆጠራ 62,497 ነዋሪ ነበራት፤ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዋ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህም ኮንዶሚኒየሙ፣ የኪራይ ቤቱ፣ ባጃጁና የቀን ሥራው በዝቷል። ከተማው ዕድልም ብቸኝነትም ሰጥቷል። ተከራይ በየዓመቱ ሰፈር ይቀይራል፤ ጎረቤቱ ስሙን ሳያውቅ ይወጣል። የመንግሥት ሠራተኛው በበዓል ቀን ቢሮ ይገባል፤ ነጋዴው እሑድም ሱቁን ይከፍታል። ስልኩ ሌሊቱንም ሥራ ያደርገዋል። ገበሬው በሚካኤል ዕለት ያገኘው የነበረውን ዕረፍት ማንም ቆርጦ አይሰጠውም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ደግሞ ይህን ኑሮ ከሥሩ ነክቶታል። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀራል፤ ገበያ ሲቀር ዘመድ አይጠያየቅም። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰዎች ሞተዋል፤ ለቅሶ በወጉ ያልተቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። ስለ ደስታ መጻፍ በዚህ ጊዜ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የተሰበረውን ኑሮ የሚጠግነው ሽምግልና፣ ሐዘንተኛውን የሚያነሣው ዕድር፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ የሚያሳድገው አበልጅ ዛሬም እነዚያው ናቸው። ሰላም ሲመጣ መጀመሪያ መቆም ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ዛሬ እንዴት ይደራጅ?

የደጋው ልምድ ከመንደሩ ውጭም ሊሠራ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕድርና ማኅበር መሥርተው፣ ዕቁብ ጥለው፣ በባዕድ አገር አንዱ የሌላው ጠያቂ ሆነዋል። በደብረ ማርቆስ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጎልማሳም ከዚሁ ልምድ የሚወስደው አለ።

የመጀመሪያው ቀን መቁረጥ ነው። «ሲመቸን እንገናኝ» የተባለ ወዳጅነት አይገናኝም፤ በወሩ አንድ የታወቀ ቀን፣ በተራ በየቤቱ የሚደረግ ግን ይቆማል። ቁጥሩ አንድ ክፍል የማያጣብብ፣ ደንቡም የቀረውን የሚያስጠይቅ ቢሆን ይበጃል። ሁለተኛው ወጪውን መቀነስ ነው። ቆሎ፣ ዳቦና ቡና የበቃው ማኅበር ድኻ አባሉን አያሸሽም፤ የመጠጡ መጠን ሲያንስ ጨዋታው ይረዝማል። ሦስተኛው ሥራውን መካፈል ነው፤ ወንዱ ውኃ ቀድቶ፣ ሽንኩርት ልጦ፣ ዕቃ አጥቦ እመቤቲቱ ከእንግዶቿ ጋር እንድትቀመጥ ማድረግ ደስታውን ለሁለቱም ያደርሳል።

አራተኛው ከሳምንቱ አንድ ቀን ስልክና ሒሳብ የማይነሣበት ዕለት መለየት ነው፤ ሰንበት፣ ጁምዓ ወይም ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ቤተሰቡ በሙሉ ማወቁ ነው። አምስተኛው ከእንጀራ ውጭ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕውቀት መያዝ ነው፤ ግዕዝ ሊሆን ይችላል፣ መሰንቆ፣ ንብ ማነብ ወይም ችግኝ። ስድስተኛው ከራስ ልጅ ውጭ ለአንድ ልጅ መትረፍ ነው፤ የትምህርት ወጪ በመሸፈን፣ ሙያ በማሳየት፣ ወይም ሲያድግ የሚጠይቀው ሰው በመሆን። የመጨረሻው ሐዘንና ሕመም ባለበት ቤት ቶሎ መገኘት፣ ሰው ሲቀንስም በአርባው ተመልሶ መሄድ ነው።

እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ቋሚነትን ግን ይጠይቃሉ። በአንድ ወር የተጀመረ ማኅበር ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ፣ አንዱ ሲታመም ወይም ሌላው ሲያረጅ ነው። የጎጃም ደጋ ለአዋቂ ሰው ያስተማረው ትምህርትም በዚህ ይጠቃለላል፤ ሰው የሚያርፍበትን ቀን፣ የሚደግስበትን ተራ፣ የሚማረውን ዕውቀትና የሚጠይቃቸውን ሰዎች አስቀድሞ ካደራጀ፣ ደስታና ትርጉም በየጊዜው ፍለጋ የሚወጣባቸው ነገሮች መሆናቸው ይቀርና የኑሮው ክፍል ይሆናሉ።